ሁለተኛው ትኩሳት

«መድኃኒቱን አልሰጠችውም እኮ ነው የምልህ! በዓይኔ አይቻለሁ!»

የእናቷ ድምፅ የሳንቃውን ግድግዳ አልፎ መጣ። እናቷ ሠላሳ ዓመት ስልከኛ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። መስመር እንደ ልብ በማይሰማበት ዘመን መጮህ ለምዳ ስለቀረች፣ እስካሁን ድረስ ሚስጥር የምታወራው መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ነው። ጠብታ አንድ እግሯን ካልሲ ውስጥ እንደከተተች አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀረች። ጠብታ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። በምትሠራበት የምርምር ላብራቶሪ ለአንዲት ጠብታ ደም ከሰው ስለምትጣላ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው፤ ስሙም ቤት ድረስ ተከትሏት መጥቶ አሁን እናቷ ሳትቀር በዚሁ ትጠራታለች።

«ኩባያው ሥር ነጭ ዝቃጭ ነበረ» አለች እናቷ ስልኩ ላይ ለጠብታ ወንድም። «ሟሙቶ ሳይጠጣ የቀረ መድኃኒት ነዋ! ልጁ ድኖ፣ ሲሮጥ ሲፈነጭ ከርሞ፣ በሃያ ስድስተኛው ቀን ወባው የተመለሰበት ለምን ይመስልሃል? አይ፣ አይ፣ አትሟገትላት። ከነገ ወዲያ ስትመጣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ልጁን ይዤው እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እሷ እንደለመደችው መኪናዋ ላይ ትዋል።»

በዚያ ቤት መኪና ሁለት ነበር፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይሰፋል። የሚነዳው የወንድሟ ነው፤ ወር ሙሉ ጭነት ይዞ አገር ለአገር ሲዞር ይከርምና ለአራት ለአምስት ቀን ብቅ ይላል። የሚሰፋው የሚስቱ ነው፤ ቀን በሠራተኝነት ከምትቀጠርበት የልብስ ስፌት ቤት ስትመለስ፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ካለችው የራሷ መኪና ፊት ደግሞ ትቀመጣለች። በሁለቱ መኪናዎች መካከል የተወለደው ልጅ አራት ዓመቱ ነው። ጉልቤ ይሉታል፤ ክንዱ ከሸንኮራ አገዳ ስለማይወፍር ለቀልድ የወጣለት ስም ነው።

ጠብታ ስትወጣ የወንድሟ ሚስት ማዕድ ቤት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ወተት ታሞቅ ነበር። ማዕድ ቤቱ አንድ ሰው ከቆመበት ሁለተኛው ትንፋሹን ሰብስቦ የሚያልፍበት ነው። ሳሎን ውስጥ እናቷ «እኔ ምን ቸገረኝ፣ የልጅ ልጄ ነው እንጂ!» ስትል ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ የቧንቧውን ውሃ ለቀቀችው። የምታጥበው ዕቃ ግን አልነበረም። ውሃው ባዶ ገንዳ ላይ እየተንጫጫ ወረደ፣ ስልኩም እስኪዘጋ አልቆመም።

«ደህና አደርሽ? እሱስ?»

«ሌሊቱን አላተኮሰውም» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ሦስት ሌሊት አልተኛችም። «የክሊኒክ ቀጠሯችን ዘጠኝ ሰዓት ነው አይደል?»

«አዎ፣ ዘጠኝ ሰዓት።»

ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። ያን ኩባያ ይዛ የነበረችው ጠብታ እንደሆነች ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልቤ መጀመሪያ ሲታመም የታዘዘለት መድኃኒት ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነበር። የጠዋት የጠዋቱን ክሊኒክ ወስደውት ነርሷ ራሷ እያየች ትሰጠዋለች፤ የማታ የማታው በቤተሰብ እጅ ነው። በሁለተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ የተማሪ ዩኒፎርም ደርሶባት የማታ ፈረቃ ስለገባች አደራውን ለጠብታ ሰጠቻት። የጠብታ እናት ጎረቤት ልትጠይቅ ወጥታለች። መብራት የለም። ጠብታ በስልኳ ብርሃን ክኒኑን ወተት ውስጥ አሟምታ፣ እንቅልፍ የያዘውን ልጅ ቀና አድርጋ አጠጣችው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጎነጨ በኋላ አሳለውና ፊቱን አዞረ። የቀረውን ጥቂት ቆይቼ እሰጠዋለሁ ብላ ኩባያውን አልጋው ሥር አስቀመጠች፣ አጠገቡም ጋደም አለች። ስትነቃ ነግቷል። ምን ያህል እንደጠጣ፣ ምን ያህል እንደቀረ ለማየት ስትነሣ ኩባያው ቦታው ላይ አልነበረም፤ ማን እንዳነሣው እንኳ አላወቀችም። ክሊኒኩ በሰጣቸው የመድኃኒት መከታተያ ካርድ ላይ ለእያንዳንዱ ጊዜ አንድ፣ በጠቅላላው ስድስት ሳጥኖች አሉ። አራተኛው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ትኩሳቱ ከተመለሰ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሦስት ቀን ሙሉ እናቷ ምራቷን ስትወጋ ጠብታ ሰምታ እንዳልሰማች ሆናለች። ልብስ ሰፊዋም «እኔ አልነበርኩም፣ ልጅሽ ነች» የምትል አንዲት ቃል አልወጣትም። ጠብታ ይህን ዝምታ ልትረዳው አልቻለችም፤ ስድብ ቢሆን በቀለላት ነበር።

ላብራቶሪው ከክሊኒኩ ጀርባ ያለ አራት ክፍል ቤት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ይመስላል፣ ከውስጥ ማቀዝቀዣዎቹ ቀን ከሌት ያጉረመርማሉ። በዚያ ሰፈር ያሉ ሕፃናት፣ ጉልቤም ጭምር፣ ለወባ ክትባት ምርምር ተመዝግበዋል። ግማሾቹ የሚሞከረውን ክትባት፣ ግማሾቹ ሌላ ክትባት ተወግተዋል፤ ማን የቱን እንደተወጋ ሐኪሞቹም አያውቁም። ያተኮሰው ልጅ ሁሉ ጣቱን ተወግቶ ጥቂት ጠብታ ደም ወረቀት ላይ ይደርቅና ወደ እነጠብታ ይመጣል። የእነሱ ሥራ የመጣችው የወባ ተውሳክ የቷ እንደሆነች መለየት ነው። ወባ ለተራ ሰው አንድ ወባ ነው፤ ለጠብታ ግን በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ብዙ ነው። ሰውነታችን ተውሳኳን የሚያውቃት በላይዋ በለበሰችው ሽፋን ነው፤ ያ ሽፋን ደግሞ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለያያል። ክትባቱ አንዱን ዓይነት ሽፋን አይቶ የተሠራ በመሆኑ፣ ሌላ ለብሳ የመጣችውን ምን ያህል እንደሚያውቃት ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ምርምሩም የሚደረገው ይህን ለማወቅ ነው።

አንድ ልጅ ታክሞ በወሩ ውስጥ ዳግም ሲያተኩሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ የድሮዋ ተደብቃ ኖራ ተመለሰች ወይስ አዲስ ትንኝ አዲስ አመጣች? ለዚህም የመጀመሪያው ቀን ደምና ትኩሳቱ የተመለሰበት ቀን ደም ጎን ለጎን ይመረመራሉ። የሽፋኗን ዘረመል አብዝተው ጄል በሚሉት ለስላሳ ሰሌዳ ላይ በኤሌክትሪክ ሲያስኬዱት፣ በልዩ መብራት ሥር የሚያበሩ ሰረዞች ይወጣሉ። ሰረዞቹ ከገጠሙ የድሮዋ ናት። ካልገጠሙ ሌላ ናት። የድሮዋ ከሆነች «መድኃኒቱ በትክክል ተወስዷል ወይ?» የሚለው ይከተላል።

ወረቀቶቹ ላይ የልጅ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለዛሬ ከተዘጋጁት አሥራ አራት ጥንዶች ውስጥ በሃያ ስድስተኛው ቀን የተመለሰ አንድ ብቻ ነው። ጠብታ ይህን ያወቀችው ከትናንት ወዲያ መለያውን ስትለጥፍ ነበር፤ ያን ጊዜ እጇ ለአፍታ ቆሞ እንደገና ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ ግን የቤቱ የቧንቧ ውሃ ጆሮዋ ውስጥ እንደወረደ ነበር። ጋዋኗን ለብሳ፣ ቆልፋ፣ ወደ ጄሉ ክፍል ሳይሆን ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄደች።

ዶክተሯ ስትቆጣ ድምጿ የሚቀንስ ሴት ናት። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ከፊቷ በተከመረው ወረቀት ውስጥ ሌላ መነጽር ትፈልግ ነበር።

«ዶክተር፣ ከጥንዶቹ አንዱ የወንድሜ ልጅ ነው። እኔ ማንበብ የለብኝም።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ከትናንት ወዲያ። በቀኑ ነው የለየሁት።»

«ሌላስ?» አለች ዶክተሯ፤ ድምጿ ዝቅ አለ።

ጠብታ በሩን ዘጋች። «ካርዱ ላይ አራተኛው ሳጥን ላይ ያለው ምልክት የእኔ ነው። ልጁ መጨረሱን ሳላይ ነው ያደረግኩት።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጠራ፤ ዶክተሯ አላነሣችውም። እስኪያቆም ድረስ ሁለቱም ስልኩን ሲያዩ ቆዩ።

«ሰው ይሳሳታል» አለች ዶክተሯ በመጨረሻ። «ምልክት ማድረግ ግን ስሕተት አይደለም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ዛሬውኑ በጽሑፍ ታመጪልኛለሽ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን። ጄሉን ባልደረባሽ ረጅሙ ያነበዋል። አንቺ ወደዚያ ክፍል ድርሽ አትይም።» ጠብታ በሩ ጋ ስትደርስ ጠራቻት። «ኩባያው ውስጥ ስንት ቀርቶ ነበር?»

«አላውቅም። ጨለማ ነበር።»

«እንደዚያው ብለሽ ጻፊ። አታሳምሪው።»

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጻፈችው። በመጀመሪያው «ጥቂት ሳይቀር እንዳልቀረ እገምታለሁ» የሚል ነበረበት፤ አየችውና ቀደደችው። በሁለተኛው ስለ መብራቱ መጥፋት ግማሽ ገጽ ሄደች፤ እሱንም ቀደደችው። ሦስተኛው አምስት መስመር ሆነ። ከዚያ በኋላ ቀኑ አልሄድ አላት። ያልቆሸሸ ብልቃጥ አጠበች፣ በተራ የተደረደሩትን ቲዩቦች እንደገና በተራ ደረደረች፣ ምሳዋን ዳቦና እንቁላል ከፍታ ዳቦውን ብቻ ቆርሳ ተወችው። ተውሳኳ ከድሮዋ ጋር ብትገጥም እሷ ምን ልትል ነው? እናቷን፣ ወንድሟን፣ ያቺን ሦስት ሌሊት ያልተኛች ሴት ምን ብላ ልታያቸው ነው? ሥራውስ? አሥር ዓመት ሙሉ ለጠብታ ደም ስትጣላ የኖረች ሰው ግማሽ ኩባያ መድኃኒት አስቀርታ ምልክት አደረገች ሲባል!

ሰባት ሰዓት ላይ ረጅሙ ከጄሉ ክፍል ወጣ። ረጅሙ ቁመቱ ከማቀዝቀዣው መያዣ የማያልፍ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። የትኛው ጥንድ የማን እንደሆነ አልተነገረውም፤ የሷን ከክፍሉ መባረርም ዶክተሯ ሌላ ሥራ ስላዘዘቻት መስሎታል።

«አሥራ አራቱም አለቀ። ዛሬ ሰረዙ ቁልጭ ብሎ ነው የወጣው፤ አንዱም አላከራከረኝም» አለና ዓይኖቹን አሻሸ። ጠብታ ፊቱን እያየች ነበር፤ ግንባሩ ላይ ሰረዞቹን የምታገኝ ይመስል አፍጥጣ ቀረች።

«ምነው? ሸሚዜ ተገልብጧል እንዴ?»

«አይ፣ ደክሞሃል ብዬ ነው» አለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሦስቱም መጡ። ልብስ ሰፊዋ ጉልቤን አቅፋዋለች፤ እናትየው ማንም ሳይጠራት ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ፣ ለክርክር እንደተዘጋጀ ጠበቃ ፊት ፊት ትሄዳለች። ዶክተሯ ጠብታን በሩ ላይ አየቻትና «ግቢ፣ ግን ጋዋንሽን አውልቂ። አሁን አክስት ነሽ» አለቻት።

ቢሮው ውስጥ ወንበር ሦስት ነው። ጠብታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። እናቷ ገና ከመቀመጧ ካርዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ዶክተር፣ እኔ ሰው መክሰስ አልወድም። ግን ኩባያው ሥር...» ብላ ጀመረች።

«የኩባያውን ነገር ሰምቻለሁ እናቴ» አለች ዶክተሯ ማንንም ሳታይ። «መጀመሪያ ውጤቱን ልንገራችሁ። ይሄ ልጅ ያሁኑ ወባው የድሮው አይደለም። የመጀመሪያዋ ተውሳክ ጠፍታለች፤ አሁን በደሙ ያገኘናት ሌላ ናት። ሦስት ቦታ ላይ አመሳከርን፤ ሦስቱም ቦታ አትገጥምም። አዲስ ትንኝ ነክሳው አዲስ በሽታ ነው የያዘው።»

ጠብታ ከግድግዳው ተላቃ ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ሌላ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ፍጹም ሌላ።»

«አንገቱም አልገጠመ፣ ክንዱም አልገጠመ፣ ወገቡም አልገጠመ» አለች ልብስ ሰፊዋ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «እንግዲያማ የሌላ ሰው ልብስ ነው።»

«እኔ ተማሪዎቼን ይህን ለማስረዳት ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጅብኝ» አለች ዶክተሯ ፈገግ ብላ። «ክትባቱንም ያስቸገረን ይሄው ነው። በአንድ ልክ የተሠራ ክትባት ሌላ ልክ ለብሳ የመጣችውን ሊስት ይችላል። በዚህ ሰፈር ስንት ዓይነት ልክ እንዳለ ሳናውቅ ለሁሉም የሚሆን ልንሠራ አንችልም። የናንተ ልጅ ሁለት ጊዜ ታሞ ሁለት አሳየን።»

«ሁለት ይበቃዋል!» አለች እናትየው ቶሎ ብላ። «ደግሞ ይሄ ሁሉ ትምህርት ተምራችሁ አንዲት ትንኝ ታቅታችሁ?»

ዶክተሯ ሳቀች። ከዚያ ልጁ ምሽት ላይ የት እንደሚጫወት ጠየቀች። እናትየው እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ከጎረቤት ስጫወት እሱም አጠገቤ ኳሱን ያንከባልላል፣ እዚያ ጅምሩ ሕንፃ ጋ፣ መሠረቱ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ጋ፣ እያለች ሳለ ቃሏ መንገድ ላይ ቆመ። እጇ ካርዱን ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ ቦርሳዋ መለሰው።

«ማንም አይወቀስም» አለች ዶክተሯ። «አጎበሩን ቀደም አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ሳይመሽ ይግባ። ስለ ጉድጓዱ ለሚመለከተው እኛም እንጽፋለን። የዚህኛውን መድኃኒት ጨርሷል፤ ደሙም ዛሬ ንጹሕ ነው።»

ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አሁን ጠብታ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር። ውጤቱ ሁሉንም ነፃ አውጥቷል፤ ነገሩ ሞቶ ተቀብሯል። ግን ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ አለች፣ ቀና ብላም አታያትም።

«እማዬ» አለች፣ «ኩባያው የኔ ነው። ያን ለት ማታ እሷ ሥራ ነበረች። መድኃኒቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። ካርዱ ላይም ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት፤ ከዚያ ምራቷን አየች። «አንቺ ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አፍ የለሽም? ሦስት ቀን ሙሉ ስጮህብሽ!»

«ብናገር ከጠብታ ጋር ይጣላሉ፣ እማማ» አለች ልብስ ሰፊዋ የጉልቤን ጫማ እያሰረች። «ከተጣላችሁ ደግሞ ማታ ማታ ሥራ ስገባ ልጄን ማን ይይዝልኛል?»

ጠብታ ደግነት ነው ብላ ስትፈራው የነበረው ዝምታ የጨነቃት ሰው ስሌት ሆኖ ሲወጣ ፊቷን እንደ ጥፊ አሞቃት። ልብስ ሰፊዋ ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረችና ቀና አለች። «መተኛትሽ አይደለም የከፋኝ። እኔም ብሆን እተኛ ነበር። ሦስት ቀን እየሰማሽ ዝም ማለትሽ ነው።»

«ይቅር በይኝ» አለች ጠብታ።

«ርቦኛል!» አለ ጉልቤ በመሃል።

ሦስቱም ወደሱ ዞሩ። በአራት ቀን ውስጥ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ርቦኛል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሳቅ አመለጣት፣ ሳቁ መሃል ላይ ወደ እንባ ሊሄድ ሲል በመዳፏ ያዘችው። ጠብታ ሮጣ ከላብራቶሪው ጠረጴዛዋ ላይ የተረፈውን እንቁላል ይዛ መጣች፤ ልጁ ቆሞ፣ ፍርፋሪውን የአያቱ ቀሚስ ላይ እያንጠባጠበ በላው። እናትየው ቀሚሷን አላራገፈችም። ስልኳን አወጣችና ደወለች። «ሃሎ! እየነዳህ ነው? ዳር ያዝና አቁም። ልጁ ድኗል። ያልኩህን ሁሉ ሰርዘው፤ ተሳስቻለሁ። ሚስትህ ምንም ጥፋት የለባትም፣ ሰማህ? ምንም!» አለች። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞር ብለው አዩአት፤ ነርሷም በመስኮት ብቅ አለች። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ መሬቱን ታይ ነበር፤ ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ቀልቷል።

ዶክተሯ የቀረውን ሰዓት ለጠብታ ፈቀደችላት። ደብዳቤው መዝገብ ውስጥ እንደሚገባና ለአንድ ወር የጄል ንባብ ላይ እንደማትመደብ ግን ጨምራ ነገረቻት። ጠብታ እሺ አለች። ይህን ያህል ቀላል እሺ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ታክሲው ሞልቶ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ጠብታ ልጁን ታቅፋ መስኮቱ ጋ፣ ልብስ ሰፊዋ መሃል፣ እናትየው ዳር። ሁለት ፌርማታ እንደሄዱ የልብስ ሰፊዋ ጭንቅላት ወደ ፊት ወደቀ፣ ተመልሶ ቀና አለ፣ ደግሞ ወደቀና በመጨረሻ አማቷ ትከሻ ላይ ዐረፈ። እናትየው መጀመሪያ ደንገጥ አለች። ከዚያ ትከሻዋን ዝቅ አደረገችላት፣ ቦርሳዋንም በሌላ እጇ ያዘች። ጉልበቷ እንደሚያማት፣ እንዲህ ተጣብቆ መቀመጥ እንደማይስማማት ጠብታ ታውቃለች። መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፤ ታክሲው በዘለለ ቁጥር እናትየው በመዳፏ የምራቷን ግንባር ትደግፋለች።

ሰፈራቸው ደረሰ። ጠብታ ልጁን አቅፋ ለመነሣት ስትቃጣ እናቷ በዓይኗ ገሠጸቻት።

«ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ በሩን በመዳፉ እየደበደበ።

«ቀስ በል፣ ሰው ተኝቷል» አለች እናትየው፣ በሕይወቷ ተናግራ በማታውቀው ዝቅተኛ ድምፅ። «የለም። መጨረሻው ድረስ ነን።»